ለአሮጌ ጭቃ ቤት መታጠቢያ የሚሸጡ ዕቃዎች፦ የጎጃምን ክረምት የሚችለውና የማይችለው

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያሉ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ለመታጠቢያ ቤት የማይሸጡት ነገር የለም። ሴራሚኩ በየመልኩ ተደርድሯል፣ መስታወቱ መብራት ገብቶለታል፣ ቧንቧው ወርቃማ ቅብ አለው። ዕቃው ሁሉ ግን የታሰበው ለአዲስ የብሎኬት ቤት ነው። እዚህ አካባቢ ዕድሳት የሚጠይቀው ቤት በአብዛኛው ባህር ዛፍ ቆሞለት በጭቃና በጭድ የተመረገ፣ ኋላ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ስለዚህ ዕቃዎቹን በመልካቸው አንመዝንም። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የተሰጣ ልብስ አልደርቅ በሚልበት ወቅት፣ ጭቃና እንጨት ያለበት ግድግዳ ላይ ምን ይሆናሉ?

ዋጋ በብር አላስቀመጥንም፤ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። መጠን ግን አስቀምጠናል፤ መጠኑን የያዘ ሰው ሦስት ሱቅ ዞሮ ዋጋውን ራሱ ማወዳደር ይችላል። ስሌቱ የተሠራው 2.1 በ2.5 ሜትር ለሆነ፣ ከዕድሳቱ በኋላ ግን 1.8 በ2.2 ለሚሆን ክፍል ነው። ለምን እንደሚጠብ ቀጥሎ ይታያል።

ግድግዳው

ሦስት ዓይነት ሥራ ይቀርብልዎታል። የመጀመሪያው ጭቃው ላይ የዶሮ ሽቦ በምስማር መትቶ፣ ሲሚንቶ ለስኖ፣ በላዩ ሴራሚክ መለጠፍ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ክፍሉን አያጠብም። ለእጅ መታጠቢያው ጀርባ ይሆናል፤ ለሻወር ጥግ ግን አንመክረውም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። ሽቦውም ሁለቱን አያይዞ ያቆያቸዋል እንጂ አያዋህዳቸውም። መጀመሪያ በሴራሚኩ መጋጠሚያ ላይ በጣም ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። በስንጥቁ ውሃ ይገባና ምስማሩን ያዝጋል፣ ልስኑ ከጭቃው ይላቀቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ የሴራሚኩ ፊት ዓመት ሁለት ዓመት እያብረቀረቀ ሳለ ከኋላው የባህር ዛፉ እግር ይበሰብሳል፣ ምስጥም መንገዱን ያበጃል። እንዲህ የተሠራ መታጠቢያ ያለው ሰው በሳንቲም ወይም በመፍቻ እጀታ ከወለሉ ጀምሮ ወደ ላይ ያንኳኳ። ድምፁ ባዶ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከወለሉ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ባለው ክፍል ነው፤ ከላይ የሚወርደው ውሃና ከመሬት የሚሳበው እርጥበት የሚገናኙት እዚያ ነውና።

ሁለተኛው የፒቪሲ ፓኔል ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ አያሳልፍም፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ሻጮቹ «ለእርጥበት ፍቱን» ይሉታል፤ ለራሱ ለፓኔሉ እውነት ነው፣ አይበሰብስም። ነገር ግን በመጋጠሚያው የሾለከ ውሃና ከጭቃው የሚወጣ እርጥበት ከኋላው ታፍኖ ይቀራል፤ ፀሐይ አያየው፣ ነፋስ አይነካው። ለኮርኒስ ከዚህ የተሻለ የለም። ለሻወር ግድግዳ ግን አይሆንም።

የምንመርጠው ሦስተኛውን ነው፦ ጭቃውን ሳይነኩ ከውስጥ በኩል ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ማቆም። በጭቃውና በብሎኬቱ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ብሎኬት፣ ልስን፣ ማጣበቂያና ሴራሚኩ ተደምረው ከየአቅጣጫው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበላሉ፤ ክፍሉ የጠበበው በዚህ ነው። ክፍሉ መጀመሪያውኑ ትንሽ ከሆነ ሻወሩ የሚያርፍባቸውን ሁለት ግድግዳዎች ብቻ በብሎኬት መሥራት ይበቃል።

ለአራቱም ግድግዳ እስከ 2.2 ሜትር ከፍታ፣ በሩ ተቀንሶ፣ 17 ካሬ ገደማ ይመጣል። በካሬ 12.5 ብሎኬት ስለሚገባ ከስብራቱ ጋር 220 ይግዙ። ግድግዳው ከነሞርታሩ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ስለዚህ በአሮጌው ስስ ወለል ላይ አይቆምም፤ ወለሉ ተቆርጦ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት መሠረት ይፈስለታል። ይህን ዘሎ በቀጥታ ወለሉ ላይ ብሎኬት የሚደረድር ግንበኛ ሲያዩ ሥራውን ያስቁሙ። ከመሠረቱ በላይ፣ ከመጀመሪያው ብሎኬት ሥር፣ የሬንጅ ሜምብሬን ቁራጭ ዙሪያውን ይነጠፋል፤ ከመሬት የሚሳበውን እርጥበት የሚቆርጠው እሱ ነው። ክፍተቱ ደግሞ መተንፈስ አለበት። በየግድግዳው ከታችና ከላይ ግማሽ ኢንች የቧንቧ ቁራጭ በጭቃው ውስጥ ወደ ውጭ ያሳልፉና አፉን በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑት።

ብሎኬት ሲገዙ ምስማር ይዘው ይሂዱ። ጫፉ ሲፋቅ እንደ አሸዋ የሚረግፍ፣ በእጅ ሲጫኑት ጠርዙ የሚፈርስ ብሎኬት ውሃ ሳይጠጣ የተሸጠ ነው፤ በክረምት የተመረተው ላይ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል። ሲሚንቶ ለመሠረቱ፣ ለግንቡ፣ ለልስኑና ለወለሉ በድምሩ ባለ 50 ኪሎው 10 ከረጢት፣ ማለትም 5 ኩንታል ገደማ ይበቃል። ለልስንና ለግንብ ፒፒሲ የሚባለው የሲሚንቶ ዓይነት ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ይጠነክራል እንጂ ለመሥራት ይመቻል፣ ስንጥቁም ያንሳል። ሱቅ ውስጥ ሦስት ወር የከረመ ከረጢት በዚህ አየር ጓል ይይዛል። ከረጢቱን ከጎኑ ሲጫኑት የሚቆረቁር ነገር ካለ ይመልሱ።

ውሃ መከላከያው

ሴራሚክ ውሃ አይከለክልም። የሚከለክለው ከሥሩ ያለው ቅብ ነው፤ ሴራሚኩ ቅቡን ከመፋቅ ይጠብቃል፣ ያስውባል። ይህን የማይቀበል ባለሙያ ጋር አይዋዋሉ።

ገበያ ላይ ሦስት ነገር ይቀርባል። የሬንጅ ቅብ የሚሸጠው በርካሽ ነው፣ ለመሠረትና ለውጭም ጥሩ ነው። ሴራሚክ የሚለጠፍበት ላይ ግን ዋጋ የለውም፤ ማጣበቂያው ሬንጅ ላይ አይይዝም። ሁለተኛው ከሲሚንቶ ጋር የሚደባለቅ ፈሳሽ ወይም ዱቄት ነው። ልስኑን ያጠነክረዋል፤ ስንጥቅ ሲመጣ ግን አብሮ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ዱቄቱና ፈሳሹ ተለይቶ የሚሸጠውና ሲደባለቅ በብሩሽ የሚቀባው፣ ከደረቀ በኋላ የሚለጠጠው ነው። ለአሮጌ ቤት ያለው አማራጭ ይኸው ነው፤ አሮጌ ቤት መንቀሳቀሱን አያቆምም። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሲሚንቶ ስላለበት እርጥብ ልስን ላይ ይያዛል። ውሃ ያቆረ ወለል ግን አይወድም።

መጠኑ በሁለት ቅብ በካሬ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ወለሉ 4 ካሬ፣ የሻወሩ ጥግ በሁለቱ አቅጣጫ እስከ 2 ሜትር ከፍታ 3.6 ካሬ፣ የቀረው ግድግዳ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ 1 ካሬ ገደማ። ሲደመር ወደ 9 ካሬ፣ ማለትም 27 ኪሎ ነው። ባለሙያው «ግማሹ ይበቃል» ካለ አንድ ቅብ ብቻ ሊቀባ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያውን አቋርጦ ይሄዳል፤ ያኛው ወደ ላይ ከተቀባ ይህኛው ወደ ጎን። ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ጥግ፣ በወለል ማፍሰሻው ዙሪያና ቧንቧው ከግድግዳ በሚወጣበት ቦታ በሁለቱ ቅቦች መካከል የጨርቅ ወይም የፋይበር መረብ ይቀበራል። ቅቡ ብዙ ጊዜ የሚበሳው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። በደጋ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል፣ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ ላይ ሁለት ቀን መጨመር ይሻላል።

ከደረቀ በኋላ ማፍሰሻው ይደፈናል፣ በሩ ላይ በጡብ ወይም በጭቃ ይገደባል፣ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሞላና 24 ሰዓት ይቆያል። የውሃው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ። ትንሽ መቀነስ የትነት ነው፤ በግልጽ ከወረደ ወይም በውጭ በኩል እርጥብ ምልክት ከወጣ ሴራሚክ አይለጠፍም።

ወለል፣ ማፍሰሻና ሴራሚክ

ወለሉ ወደ ማፍሰሻው በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይዘቀዝቃል። ይህ ዝቅዝቃት የሚበጀው በሲሚንቶው እንጂ በማጣበቂያው አይደለም። አሁን የሚወደደው 60 በ60 ሴራሚክ ማፍሰሻው መካከል ላይ ሲሆን አይሠራም፤ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር በአራት አቅጣጫ አይዘቅዝቅም፣ ጥጉ ላይ ውሃ ያቁራል። ለሻወር ወለል 30 በ30 ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ፊቱ ሻካራ የሆነ ይምረጡ። ሱቁ ውስጥ ውሃ አፍስሰው በባዶ እግር ይርገጡት፤ ሻጩ ቢስቅም ግድ የለም።

በምሥራቅ ጎጃም ዋልካ አፈር ባለበት፣ በብቸናና በደጀን በኩል፣ ወለሉ ራሱ ይነሣል ይወርዳል። ክረምት አፈሩ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ያለው ስስ ኮንክሪትም ይከተለዋል። እዚያ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ዋልካ ወጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ በስስ በስሱ እየተረገጠ ካልተሞላ የቱም ዓይነት ሴራሚክ ዓመት አይጠብቅም። ቀይ አፈር ላይ፣ በመራዊና በአዊ በኩል፣ ይህ ችግር በዚህ ልክ የለም።

የወለል ማፍሰሻ ሲገዙ ወንፊቱን አንስተው ከሥሩ ይዩ። ሽታ የሚያግደው የታቆረው ውሃ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። ብዙዎቹ ርካሽ ማፍሰሻዎች ከ2 ሳንቲ ሜትር አያልፉም፤ ሻወር ሳይወሰድ ከሰነበተ ውሃው ተኖ የሴፕቲኩ ሽታ ክፍሉን ይሞላል። የሻወሩ ፍሳሽ በ50 ሚሊ ሜትር፣ የሽንት ቤቱ በ110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይሄዳል። ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የመተንፈሻ ቧንቧ ከሌለ አንዱ ሲለቀቅ የሌላውን ሽታ ማገጃ ውሃ ይስብና ሽታው ይመለሳል። በባሕር ዳር ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች በክረምት የመሬት ውስጥ ውሃ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሴፕቲኩ ሞልቶ ወደ ቤት ሊመልስ ይችላል። እዚያ በዋናው የፍሳሽ ቧንቧ ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ መግጠም ከሴራሚክ ምርጫ በፊት የሚታሰብ ነው። የሚገጠመውም ክዳኑ ተከፍቶ ሊጠረግ በሚችልበት፣ ከቤት ውጭ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ማጣበቂያ ላይ አይቆጥቡ። ለግድግዳ የሚሆነው ተራ ሴራሚክ ውሃ ስለሚጠጣ በሲሚንቶም ይያዛል። ፖርሲሊን ግን ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በተራ ሲሚንቶ የተለጠፈ ፖርሲሊን አንድ ቀን ሙሉውን ይወርዳል። ከረጢቱ ላይ ሲ1 ወይም ሲ2 የሚል ምልክት አለ፤ ለፖርሲሊንና ለወለል ሲ2 ይግዙ። ከብክነቱ ጋር ለግድግዳ 16.5 ካሬ፣ ለወለል 4.4 ካሬ ሴራሚክ ሲታሰብ በካሬ 4.5 ኪሎ ገደማ፣ ባለ 25 ኪሎው 4 ከረጢት ይጨርሳል። ባለሙያው ጥርስ ባለው ማንኪያ ይቀባ። አምስት ጉብታ ማጣበቂያ አድርጎ ሴራሚኩን የሚጫን ከሆነ በጉብታዎቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ውሃ ይሰበስባል። መጋጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ መሙላት ልማድ ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል። በፋብሪካ የተዘጋጀ መሙያ ለዚህ ክፍል ከ5 ኪሎ አይበልጥም፤ ልዩነቱ የሚያስቆጭ አይደለም።

አየር

በመታጠቢያ ቤት ዕድሳት ውስጥ በጣም የሚናቀው ዕቃ የአየር ማውጫ ፋን ነው። ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው፣ በእኛ ሚዛን ግን ከቅቡ ቀጥሎ ሁለተኛ ይቆማል።

«ዝናብ እየዘነበ፣ ውጭው እየረጠበ፣ መስኮት ብንከፍት ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይጠቅማል። 15 ዲግሪ የሆነ፣ እርጥበት የጠገበ የክረምት አየር በአንድ ሜትር ኩብ 13 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። ሻወር የተወሰደበት ክፍል 25 ዲግሪ ሆኖ ሲጠግብ 23 ግራም ይይዛል። የውጭው አየር ገብቶ ሲሞቅ ገና ግማሹን ቢጠግብ ነው፤ እንፋሎቱን ይዞ ለመውጣት ቦታ አለው። ስለዚህ በደጋው፣ በእንጅባራ ብርድ፣ አየር መቀየሩ ከቆላው ይበልጥ ይሠራል። ሰው ብርድን ፈርቶ መስኮቱን ስለሚዘጋ ግን ሻጋታው የሚበዛው እዚያው ነው።

ክፍላችን 9.5 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት አሥር ጊዜ አየሩ እንዲቀየር 95 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ባለ 4 ኢንች ፋን ካርቶን ላይ ይህን ያህል ቢጻፍበትም ቧንቧና ወንፊት ሲጨመርበት ይወርዳል፤ ባለ 6 ኢንች ይግዙ። የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከአንድ ተራ አምፖል አይበልጥም። ከሻወሩ በኋላ 15 እስከ 20 ደቂቃ መሥራት ስላለበት ሰዓት ቆጣሪ ያለው ይመረጣል። ውሃ የሚረጭበት አካባቢ ከሆነ አይፒኤክስ 4 የሚል ምልክት ይፈልጉበት።

ፋኑ የት ይተፋል? ብዙ ቦታ ፋኑ ኮርኒሱ ላይ ይገጠምና እንፋሎቱ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ይለቀቃል። ሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ እንፋሎቱን አክንባሎ ሥር እንደሚንጠባጠበው ላብ ወደ ውሃ ይለውጠዋል፤ ጠዋት ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ይታያል። «ጣሪያው ያፈሳል» ተብሎ ቆርቆሮ ይቀየራል፣ ክቡ ግን ይመለሳል። የባህር ዛፍ ማገሩም በዚሁ እርጥበት ይበሰብሳል። ፋኑ በግድግዳ በኩል በቀጥታ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ግዴታ በኮርኒስ ከሆነ በቧንቧ ተመርቶ ከክዳኑ ዳርቻ በታች ይለቅ።

የወጣው አየር በምትኩ የሚገባ ይፈልጋል። ከበሩ ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ጨርቅ ወትፈው የሚዘጉት ካሉ በሩ ላይ ከታች የአየር ማስገቢያ ወንፊት ያስቀዱበት። መብራት ሲጠፋ ፋኑም ስለሚቆም ወደ ውጭ የሚከፈት ትንሽ መስኮት ከላይ በኩል የግድ ያስፈልጋል፤ 40 በ60 ይበቃል።

የውሃ ማሞቂያ

ሻወር ራስ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ ቦታ አይዝም፣ ይረክሳል፣ ወዲያው ይሞቃል። ግን 5.5 ኪሎዋት የሚወስደው 25 አምፔር ይስባል። አሮጌ ቤት ውስጥ ያለው 1.5 ወይም 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይህን አይችልም፤ ከዋናው ሳጥን በቀጥታ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ 32 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። የእንጀራ ምጣዱም ወደ 4 ኪሎዋት ስለሚጠጋ ምጣድ ተጥዶ ሻወር ሲከፈት ዋናው ብሬከር ይወርዳል። ያም ሆኖ የሚሰጠው ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 38 ለማሞቅ በደቂቃ 4 ሊትር አይሞላም፤ 3.5 ኪሎዋቱ ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ። ሰፊውን የሻወር ራስ ከዚህ ጋር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሌላው እንቅፋት ግፊት ነው። ከሮቶው ሥር እስከ ሻወሩ ራስ ያለው ከፍታ 1 ሜትር ከሆነ ግፊቱ 0.1 ባር ነው። ብዙ ፈጣን ማሞቂያ በዚህ አይነሣም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ግፊት ያንብቡ። የሮቶውን ማቆሚያ ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ ፓምፕ መጨመር ይኖርብዎታል። ማቆሚያውን ከጭቃው ግድግዳ ጋር አያያይዙት፤ ባለ 1000 ሊትሩ ሲሞላ 1 ቶን ነው።

ለጎጃም ደጋ ቤተሰብ የምንመርጠው ባለ 50 ሊትር ቦይለር ነው። 1.5 ኪሎዋቱ ከ7 አምፔር ያነሰ ስለሚስብ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ 100 ሊትር ያህል የሞቀ ውሃ ይወጣዋል። ሌሊት ሞልቶ መብራት ቢጠፋ እንኳ ጠዋት ሞቅ ያለ ውሃ ይኖራል፤ ለአካባቢያችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነቀፋው ክብደቱ ነው፦ ከነውሃው 70 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ጭቃ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩ ብሎኬትም ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር አይይዝበትም፤ ቦይለሩ በሚሰቀልበት ረድፍ ብሎኬቶቹ ግንቡ ሲሠራ በኮንክሪት ይሞሉ። ሴፍቲ ቫልቩ ውሃው ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቱ ብልሽት አይደለም። አይድፈኑት፤ በቀጭን ቱቦ ወደ ማፍሰሻው ይምሩት።

ለሁለቱም ዓይነት መሬት የገባ ሽቦና 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ዕድሳቱ ራሱ የሚያመጣው አደጋ አለ። በብዙ አሮጌ ቤት የኧርዝ ሽቦው የታሰረው ከብረቱ የውሃ ቧንቧ ጋር ነው። ያ ቧንቧ ወጥቶ ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ሲተካ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ቤቱ ኧርዝ አልባ ይሆናል፣ ማንም ሳያውቅ። ቧንቧ ሊቀየር ከሆነ አዲስ የመሬት ዘንግ አስቀድሞ ይተከል።

ቧንቧና ቀሪው

ፒፒአር ያለ ማመንታት ይግዙ፤ ለሙቅ ውሃ ፒኤን 20 የሚለውን። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ በ260 ዲግሪ 5 ሰከንድ ብቻ ይሞቃል። ባለሙያው ወሬ እያወራ 15 ሰከንድ ከያዘው ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠብበዋል፤ ኋላ «የከተማው ውሃ ደካማ ነው» ይባላል። ከሮቶው የሚወርደው ቧንቧ ፀሐይ እንዳያገኘው ይሸፈን። ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት በእጅ ፓምፕ እስከ 8 ባር ተሞልቶ አንድ ሰዓት ይታይ።

ቧንቧ መክፈቻና ማደባለቂያ ሲገዙ ክሮሙን አይዩ፤ ጥርሱ ያለበትን አፍ ገልብጠው ውስጡን ይዩ። ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ ግራጫና ቀላል ከሆነ ዚንክ ነው፣ ክሮሙ ሲላጥ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። በር ፒቪሲ ወይም አልሙኒየም ይሁን። ኤምዲኤፍ ከታች ያብጣል፣ ላሜራ ከታች ይዝጋል፤ ቺፑድ ኮርኒስም እንዲሁ ነው። ከሴራሚኩ በላይ ላለው ልስን ተራ ፕላስቲክ ቀለም ሻጋታ ይይዛል፤ ሲንተቲክ ይታጠባል። ሻጋታ በበረኪና ይለቃል፤ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ግን በፍጹም እንዳይገናኝ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የባለሙያ አገልግሎት

«ከነዕቃው» የሚባለው ውል ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ቁጠባው የሚካሄደው በማይታየው ቅብና ማጣበቂያ ላይ ነው። ዕቃውን እርስዎ ገዝተው የእጅ ዋጋ ብቻ ይዋዋሉ። ከቀብዱ በኋላ ሁለተኛው ክፍያ ከቧንቧው ግፊትና ከወለሉ የ24 ሰዓት ፈተና በኋላ፣ ሦስተኛው ሴራሚኩ ተንኳኩቶ ከታየ በኋላ ይሁን። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲሰማ አይከፋም። ጊዜው ከኅዳር እስከ መጋቢት ይመረጣል። በእነዚህ ወራት ልስን ቶሎ ስለሚደርቅ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ማንም አያጠጣም። በነሐሴ የሚጀምር ሰው ሌላ ችግር አለበት፤ ቅቡ አይደርቅለትም፣ ሠራተኛውም ቀኑ ስለሚያልቅበት ሳይደርቅ ይለጥፍበታል።

በመጨረሻ የሚገዛው ሲሊኮን ነው። ግድግዳና ግድግዳ፣ ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ጥግ መሙያ ሳይሆን ሲሊኮን ይገባል፤ ሁለቱ ፊቶች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ደረቅ ነገር ይሰነጠቃል። ሲከፈት አቸቶ አቸቶ የሚሸተው ለመስታወት ነው፣ ሲሚንቶና ብረት ላይ አይስማማም። ሻጋታ እንዲከላከል ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የተሠራውን፣ የማይሸተውን ይጠይቁ። ለዚህ ክፍል ሁለት ቱቦ ይበቃል። ሲጠቁር በላዩ ሌላ አይደርቡበት፤ በምላጭ ተነሥቶ፣ ጥጉ ደርቆ፣ እንደገና ይሞላል።